የሁሉ የሆነ ውኃ፤ በጣና ሐይቅ ዙሪያ የዓሣ ማስገርና የአደን ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የተጻፈው ብዙ ነው። ርስቱና ጉልቱ፣ ሰሞኑና ማደሪያው፣ የባለርስቱ መብትና የጭሰኛው ዕዳ በየጊዜው ተመርምሯል። ይሁን እንጂ የተመረመረው በአብዛኛው በበሬ የሚታረሰው መሬት ነው። የማይታረሰው፣ ይኸውም ሐይቁና ረግረጉ፣ ደኑና በረሓው፣ በውስጡ ከሚዋኘውና ከሚሮጠው ፍጥረት ጋራ የማን ነበር? ማን ያዝበት፣ ማንስ ይጠብቀው ነበር? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ አይደለም። በሐይቅ ዳር የሚያስተምር መምህር በየቀኑ የሚያያቸው ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹ ከአራሽ፣ አንዳንዶቹ ከነጋዴ፣ አንዳንዶቹም ከአስጋሪ ቤት የመጡ ናቸውና የወላጆቻቸው እንጀራ የተያያዘው ከዚሁ ጥያቄ ጋራ ነው። ጉዳዩን ለመመርመር ከጣና ሐይቅ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። እንዲህ ቢሰፋም ጥልቅ አይደለም። እጅግ ጥልቅ ነው በሚባልበት ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን አንድ ወንዝ፣ ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ወደ 40 ሜትር ከሚደርስ ገደል ይወረወርና በጎጃም ዙሪያ ተጠማዞ ወደ ሱዳን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 በካርቱም ጦርነት እስኪነሣ ድረስ በሳጃናና በዴም ሰፈሮች የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከነጭ ዓባይ ጋራ ሲገናኝ ያዩት የነበረው ውኃ ከዚሁ ሐይቅ የተነሣው ነው። ፏፏቴው ለታሪካችን ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለ ከለከለ፣ በሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ተዋልዶ በሌላ አገር የማይገኝ ዘር ሊሆን በቅቷል።

ጥንት ይህንን ውኃ የሚያውቁት የውጭ ሰዎች የደንቢያ ባሕር ይሉት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ጸሐፊዎች ስለ ባሕሩ ሲተርኩ ሁለት ነገሮችን በመደነቅ ጽፈዋል። አንደኛው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌሊት ከውኃው ወጥቶ የገበሬውን አዝመራ የሚያወድመው ጉማሬ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጉማሬ በዚያ ዘመን ለአራሹ ጠላት እንደ ነበረና የሚገድለው ሰው ቢገኝ ማንም የሚከለክለው እንዳልነበረ ነው።

በዚያው ዘመን አደን በሁለት መልክ ይከናወን ነበር። አንደኛው የመኳንንትና የወታደር አደን ነው። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ግዳዩን ጥሎ ሲመለስ ይፎክራል፤ ይሸለማል፤ በአደባባይ ስሙ ይነሣል። አደን የጦርነት ልምምድ፣ ግዳይም የወንድነት ምስክር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 የነገሡት ዳግማዊ ኢያሱ አደን ወዳድ እንደ ነበሩ፣ ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርደው ዝሆንና አውራሪስ ያድኑ እንደ ነበር ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ጽፏል። እንዲህ ያለው አደን ሥጋ ፍለጋ አይደለም። የሚፈለገው ክብርና የዝሆን ጥርስ ነው።

ሁለተኛው ለእንጀራ የሚደረግ አደን ነው። ይህንን የሚያከናውኑት በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ አካባቢ የሚኖሩት፣ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ የሚሉት ሕዝብ ነበሩ። ወይጦዎች መሬት አልነበራቸውም፤ በሬም አልጠመዱም። ኑሯቸው በሙሉ ከውኃው ነበር። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ በታንኳው ዓሣ ያሰግራሉ፤ ተባብረው ጉማሬ በጦር ያድናሉ፤ ሥጋውን ይበላሉ፤ ቆዳውን ለጋሻና ለአለንጋ ይሸጣሉ። ሴቶቻቸው ቅርጫት ይሠራሉ። በአካባቢው ቤት ሁሉ የሚፈለገውን የወፍጮ ድንጋይም የሚጠርቡት እነርሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ብሩስ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ጉማሬ በላተኝነታቸውንና ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ቋንቋ መናገራቸውን መዝግቧል። ከጊዜ በኋላ ቋንቋው ጠፍቶ ዐማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጡ አጥኚዎች ያገኙት ዐማርኛን ብቻ ነው።

ታንኳው ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ዕቃ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ሆኖ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ተጠጋግተው ፊቱ ሾጠጥ ያለ ጀልባ ይሆናሉ። ምስማር አይገባበትም። ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ዕድሜውም አጭር ስለ ሆነ አሮጌው ሳያልቅ አዲስ ይጀመራል። ይሁንና በዚህ ደካማ በሚመስል ዕቃ ላይ እህል፣ ማገዶ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና መነኮሳት ወደ ደሴቶቹ ሲጓዙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን በሐይቁ ዙሪያ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ታንኳውና ስለ ወይጦዎች በሰፊው ተርኳል።

ወይጦዎች እስላሞች ናቸው፤ ጉማሬ ስለሚበሉ ግን ሌሎች እስላሞች እንደ ወገን ሳይቀበሏቸው ኖረዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤትም ርኩስ የሚበላ እያለ አብሯቸው አይበላም፤ አይጋባም ነበር። የሠሩትን ታንኳ እየቀዘፈ፣ በጠረቡት ወፍጮ እህሉን እያስፈጨ ሰዎቹን ግን ይጸየፍ ነበር። ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊ ሊዘልለው የማይገባ ሌላ ጠባይ አለው። ጉማሬን ርኩስ ያለ ሰው ጉማሬ ለማደን አይሻማም። ዓሣ ማስገርን የተናቀ ሥራ ያለ ሰው መረብ ይዞ ወደ ውኃ አይገባም። ስለዚህ ወይጦዎች በሐይቁ ላይ የነበራቸው መብት በደብዳቤ ወይም በማኅተም የተሰጠ ሳይሆን በጎረቤቶቻቸው ንቀት የታጠረ ነበር። አጥሩ የክብር አጥር አይደለም፤ ነገር ግን አጥር ነበር። ንቀቱ ሕዝቡን ከገበታ አስወጣው፤ ሐይቁን ግን ተወለት። ኋላ የሆነውን ነገር ለመረዳት ይህንን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል።

ሌላ ዓይነት አጥርም በአማራ ምድር ይታወቃል። ከሐይቁ በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳማቱ ቃል ኪዳን የተከለከለ ሆኖ ኖሯል፤ ከዚህም የተነሣ ደኑ ሳይመነጠር፣ በጥላውም ሥር ቡና እየለማ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደግሞ የጓሳ አምባ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ለዓመታት ይዘጋል፤ የተመረጡ ጠባቂዎች ይሾማሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ባለመብቱ ሕዝብ ገብቶ ለቤቱ ክዳን ያጭዳል፤ ከብቱን ያግጣል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። በዚህ ጥበቃ ሣሩ ብቻ ሳይሆን ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ተርፈዋል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ አሮጌው የባለርስትነት መሠረት ሲፈርስ የቄሮው ሥርዓትም ተናጋ፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል።

ዘጌና ጓሳ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ የግድ ይጠፋል ማለት ስሕተት ነው። የሚጠፋው ጠባቂ፣ ወሰንና የታወቀ ጊዜ ያልተሰጠው የጋራ ሀብት ነው። ለዘጌ ጠባቂው ቃል ኪዳን፣ ለጓሳ ጠባቂው ቄሮ ነበር። ለጣና ዓሣና ጉማሬ ግን ከንቀት በቀር የቆመ ጠባቂ አልነበረም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በጠመንጃ መብዛት የተነሣ የዝሆን ቁጥር መመናመኑ ስለ ታየ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ የዝሆን አደንን የሚወስን ደንብ አወጡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ይህም አዋጅ አደን በደንብና በፈቃድ እንዲሆን መሠረት ጣለ። ከዚያም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ የተፈጥሮ ሀብት፣ በውኃም፣ በደንም፣ በምድርም፣ በሐይቅም ያለው፣ ለአሁኑና ለሚመጣው ትውልድ ጥቅም የተሰጠ የተቀደሰ አደራ መሆኑን አወጀ፤ ማንም በግሉ ያልያዛቸው ደኖች፣ የግጦሽ መሬቶች፣ ወንዞችና ሐይቆችም የመንግሥት ሀብት እንደ ሆኑ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ1151ኛው አንቀጽ ባለቤት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ከሮማውያን ሕግ የወረደ አሮጌ ሐሳብ ነው፤ በሮማውያን ዘንድ ዓሣው በውኃው ሳለ የማንም አልነበረም፤ በመረብ ሲገባ የአስጋሪው ይሆን ነበር።

እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ጎን ለጎን ሲታዩ ችግሩ ይገለጣል። አንደኛው ሐይቁ አደራ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ቀድሞ የያዘ ይውሰድ የሚል መንፈስ አለው። አደራ ሲባል ተቀባይ ያስፈልገዋል። ሕጉ አደራ ተቀባዩ መንግሥት ነው አለ፤ ነገር ግን መንግሥት በጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ሌሊት መረብ የሚጥለውን ሰው የሚያይ ዓይን አልነበረውም። ዓይን የነበራቸው፣ ውኃውን በየቀኑ የሚመላለሱበት ወይጦዎች ነበሩ። እነርሱን አደራ ጠባቂ የማድረግ ሐሳብ ግን ለማንም አልመጣም።

በ1950ዎቹ የአራዊት ጥበቃ ጉዳይ ከዓለም ጋራ የተያያዘ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኔስኮ የተላከው የሰር ጁሊያን ሀክስሌይ ቡድን አገሪቱን ጎብኝቶ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ፤ ከዚያም የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የአዋሽና የስሜን ፓርኮች በሕግ ተከለሉ። በ1964 ዓ.ም. የወጣው ደንብም የአደንን ፈቃድ በዝርዝር ወሰነ። ጎረቤት ሱዳን በዚህ ረገድ ቀድማ ነበር። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ላይ የተፈረመውን የአፍሪካ አራዊት ስምምነት ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1935 የዲንደር ፓርክ ተከለለ። የዲንደር ወንዝ የሚነሣው ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ከዲንደር ጋራ የሚዋሰነው የአልጣሽ ፓርክ የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከ70 ዓመት በኋላ ነው። አውሬው ወሰን ሳያውቅ በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለስ፣ ጥበቃው ግን በአንዱ ወገን ብቻ ለአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ቆየ ማለት ነው።

ጉማሬን የሚመለከተው ክልከላ በሐይቁ ዳር ሲደርስ ያስከተለው ነገር ከባድ ነበር። ክልከላው ያለ ምክንያት አልወጣም፤ የጉማሬው ቁጥር ከጥንቱ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ ዛሬም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ የሚታዩት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሕጉ የክብር አዳኙንና የእንጀራ አዳኙን አልለየም። ለመኰንኑ አደን ቢቀር የሚቀርበት ጨዋታ ነው፤ ለወይጦው ግን ሥጋውም፣ ቆዳውም፣ ከጎረቤት ጋራ የሚለዋወጥበትም ዕቃ ይቀርበታል። አሜሪካዊው አጥኚ ፍሬዴሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ጽሑፍ ይህ ሕዝብ ከአደን ወደ ገበሬነት ኑሮ መሸጋገሩን የሚመረምር ነው። ሽግግሩ ግን መሬት ለሌለው ሕዝብ ቀላል አልነበረም። ከአደን የተባረረው እጅ ወደ ቀረው ነገር፣ ወደ ዓሣውና ወደ ደንገሉ ዞረ።

በዚህ ጊዜ ደግሞ የዓሣው ዕጣ ተለወጠ። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የሆላንድ የእርዳታ ድርጅትና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ባገዙት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ለድኻው ሥራ፣ ለከተማው ምግብ ማስገኘት ነው። ውጤቱም በመጀመሪያ የሚያስደስት ሆነ። በዚህ ዘዴ የሚገኘው የዓሣ መጠን እ.ኤ.አ. በ1987 በዓመት 39 ቶን ያህል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ ብሏል። ዓሣ ወደ አዲስ አበባ ይጫን ጀመር፤ በዐቢይ ጾም ወራት ተፈላጊነቱ ይበልጥ ጨመረ። ቀድሞ የተናቀው ሥራ ገንዘብ አስገኘ። ገንዘብ ሲያስገኝም የሚንቀው ጠፋ። ወይጦዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያገለለው አጥር በዚህ ጊዜ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ሰዎቹን ወደ ገበታ ለማቅረብ ሳይሆን ሌሎችን ወደ ሐይቁ ለማስገባት ነው። ንቀቱ በሰዎቹ ላይ ቀረ፤ ጥቅሙ ለሌላ ተላለፈ። በደንገል ታንኳ የሚሄደው አስጋሪ በሞተር ከሚሄደው ጋራ እኩል ሊሽቀዳደም አይችልም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አልቀረም። በጣና ለገበያ የሚያዙት ዓሦች በዋናው ሦስት ወገን ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ እንዲሁም በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚባለው። ነጭ ዓሣ እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ግን አንድ ዘር አይደለም። በ1980ዎቹ በሆላንዳውያንና በኢትዮጵያውያን ሊቃውንት የተደረገው ምርመራ እንዳረጋገጠው ወደ 15 የሚሆኑ፣ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ዘሮች ናቸው። አንዱ ዓሣ በላ ነው፤ ሌላው ከጭቃው ውስጥ ይለቅማል፤ ሌላው በውኃው መካከል የሚንሳፈፈውን ጥቃቅን ፍጥረት ይመገባል። በፊሊፒንስ አገር በላናው ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን ከውጭ በገባ ዓሣ ምክንያት ስለ ጠፋ፣ የጣናው ለዓለም ብቸኛ ሊባል የሚችል ሆኖ ቀርቷል። በቪክቶሪያ ሐይቅም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው የናይል ፐርች የሐይቁን የራሱን ዓሦች ብዛት እንዳጠፋ ይታወቃል። ጣናን ከእንዲህ ያለው ጥፋት እስካሁን የጠበቀው ፏፏቴው ነው፤ ከሰው እጅ ግን ፏፏቴው ሊጠብቀው አይችልም።

ነጭ ዓሣ ጠባዩ ለአጥማጅ የተጋለጠ ነው። ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ ተነሥተው በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር በበዛበት ንጹሕ ውኃ ውስጥ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ሰዓት በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ጀልባውን ይሞላል፤ የሚይዘው ግን የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ በአንዳንድ ሥፍራ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውኃው ውስጥ ይበተናል፤ ትልቁም ትንሹም ዓሣ ደንዝዞ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 ከመቶ፣ የጫጩቶቹ ብዛት ደግሞ በ90 ከመቶ ያህል መቀነሱን ጥናት አሳይቷል። በወንዝ ሳይሆን በሐይቁ ዳር የሚራቡት ቆሮሶና አምባዛ እንዲህ ባለ ፍጥነት አልተመናመኑም። ከዚህ እንደሚታየው ጥፋቱን ያመጣው ማስገር ራሱ ሳይሆን ጊዜና ሥፍራ ሳይለዩ ማስገር ነው።

ሕግ በመጨረሻ መጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ፤ የአማራ ክልልም በዚያው ሰሞን የራሱን አዋጅ አወጣ። የዱር አራዊት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ተከተለ። የዓሣ አዋጁ የማስገር ፈቃድን ይወስናል፤ በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ይከለክላል። ከ1944ቱ አዋጅ እስከ 1995ቱ አዋጅ ድረስ ግን ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል። አውሬው ሕግ ሲያገኝ ዓሣው የማንም እንደ ሆነ ቆየ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንበሳና ዝሆን በመኳንንት ዓይን የከበሩ ነበሩ፤ ዓሣ ግን የተናቀ ሰው ምግብ ነበር። የሕግ አውጪ ዓይን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የከበረ ሰው በሚያየው ነገር ላይ ነው።

የሐይቁ ዳርም እንደ ዓሣው ተለውጧል። ውኃው ከክረምት በኋላ ሲሸሽ የሚገለጠው፣ የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ የሚለው ለም ጭቃ ለእርሻ እየተፈለገ ሄደ፤ ደንገሉም ተመነጠረ። ደንገሉ ለታንኳ ብቻ የሚያገለግል አልነበረም፤ ከወንዝ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራ፣ ለዓሣ ጫጩትና ለወፍ መጠለያ የሚሆን የሐይቁ ቅጥር ነበር። ዓባይ በሚወጣበት በጫራ ጫራ ግድብ ከተሠራ በኋላ፣ ኋላም በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ የሚወሰን ሆነ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሰሜኑ ዳርቻ ታየና በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰፊ ሥፍራ ሸፈነ። የባሕር ዳር ከተማ ስትስፋፋ፣ ወይጦዎች ለዘመናት የሰፈሩበት የውኃ ዳር ለሌላ ጥቅም የሚፈለግ ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበ፤ ይህም ሐይቁ የዓለም አደራ መሆኑን የሚመሰክር ነው። ነገር ግን ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት እንደ ተማርነው አደራ የሚለው ቃል ብቻውን መረብ አያነሣም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን ይገኛል? በመጀመሪያ፣ የመንግሥት ነው የሚለውና የማንም አይደለም የሚለው በሕግ መጽሐፍ ሁለት ነገር ቢሆኑም፣ ጠባቂ በሌለበት ሥፍራ አንድ ሆነው ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ከሀብቱ አጠገብ የሚኖረውንና ጠባዩን የሚያውቀውን ሕዝብ የሚያስወጣ ጥበቃ ዕውቀቱንም አብሮ ያስወጣል። ዓሣው በየትኛው ጨረቃ ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወጣ፣ ጉማሬው በየት በኩል እንደሚሻገር የሚያውቀው አሮጌ አስጋሪ፣ በቄሮ ፈንታ ቢሾም ኖሮ የጣና ታሪክ ወደ ጓሳ ታሪክ ይጠጋ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛ፣ በሰው ላይ የሚደርስ ንቀትና በተፈጥሮ ላይ የሚደርስ ጥፋት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም። አስጋሪውን ያልቆጠረ ዘመን ዓሣውንም አልቆጠረውም።

ይህ ነገር ለመምህራንና ለትምህርት ሹሞች የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። የወይጦ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙን ከመጠየቁ በፊት የነገዱ ስም እንደ ስድብ ሲጣልበት ኖሯል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጀምረው ከመካከል አቋርጠዋል። ይህንን ስድብ ከክፍል የሚያስወጣ አዋጅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቆራጥ መምህር ነው። የታሪክ መምህር ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲያስተምር የፋሲልን ግንብ ብቻ ሳይሆን በደሴቶቹ ላይ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ንዋይ ያጓጓዘውን ታንኳና ሠሪውን ቢያነሣ፣ ያ ልጅ አባቱ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ እንዳለው ይረዳል። ሌሎቹም ይረዳሉ።

የሳይንስ መምህሩ ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ወንዝ ሽቅብ የሚወጣውም በዚያው ወራት ነው። በጉማራና በርብ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርት ከግቢው ብዙም ሳይርቅ ይከናወናል ማለት ነው። የዓሣን ኑሮ ከሌላ አገር መጽሐፍ ሥዕል ከሚያጠና፣ በደጁ ያለው ወንዝ በዚህ ወር ለምን መረብ ሊዘረጋበት እንደማይገባ የተረዳ ተማሪ ማታ ቤቱ ሲገባ ለአባቱ ይነግራል። ሕጉን የሚያስከብር ሹም ወደዚያ መንደር በዓመት አንድ ጊዜ ይደርስ እንደ ሆነ እንጃ፤ ተማሪው ግን በየቀኑ ይመለሳል።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ውኃውና ምድሩ ለሚመጣው ትውልድ የተቀመጠ አደራ ነው ብሎ ነበር። ያ ትውልድ መጥቶ አድጎ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ልኳል። እነዚህ ልጆች ከአያቶቻቸው ያነሰ ዓሣ፣ ያነሰ ደንገልና ጥቂት ጉማሬ ያለበትን ሐይቅ ተረክበዋል። የቀረውን ለመጠበቅ በመጀመሪያ የማን እንደ ነበረ፣ በማን እጅ እንደ ተጠበቀና በምን ምክንያት እንደ ጎደለ ማወቅ ይገባቸዋል። ይህንን የሚነግራቸው መምህራቸው ነው።